ሥጋት የት ያድራል?

ዛሬ «ጎሬ» ሲባል ብዙው አዲስ አበቤ «እሱ ደግሞ በየት በኩል ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አይፈረድበትም። ከመቱ አለፍ ብላ በገደሉ አፋፍ ላይ የተቀመጠችው ይህች ከተማ የኢሉባቦር ዋና ከተማነቷን ለመቱ ካስረከበች ዘመን ተቆጥሯል። ይሁን እንጂ ባንክ የሚባለው ነገር ወደ አገራችን ሲገባ፣ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ቅርንጫፍ ከከፈተባቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ጎሬ ነበረች። በ1898 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ መርቀው የከፈቱት የአቢሲኒያ ባንክ (ዛሬ በዚሁ ስም ከሚጠራውና በ1988 ዓ.ም. ከተቋቋመው የግል ባንክ ጋር እንዳይምታታብን) እንደ ሐረርና እንደ ድሬዳዋ ሁሉ ጎሬንም አልረሳትም።

ለምን ጎሬ? መልሱ ቡና ነው። የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ ጀርባና በሰው ጫንቃ ቁልቁል ወደ ጋምቤላ ይወርዳል፤ ከዚያ በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫናል። ችግሩ ባሮ መርከብ የሚሸከመው ክረምት ገብቶ ሲሞላ ብቻ መሆኑ ነው። ቡናው የሚለቀመው ደግሞ በበጋ። ስለዚህ ነጋዴው በኅዳርና በታኅሣሥ በብድር የገዛውን ቡና ጋምቤላ ያወርድና ዝናቡ እስኪጥል፣ ወንዙ እስኪሞላ፣ መርከቡ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በዚህ መሀል ዋጋ ሊወድቅ ይችላል። ቡናው ሊሻግት ይችላል። ዝናቡም ሊዘገይ ይችላል። እንግዲህ ለዚህ ነጋዴ ያበደረ ባንክ ያበደረው ለሰውየው ብቻ አይደለም፤ ለባሮም ጭምር ነው።

ይህን ያነሳሁት የድሮ ታሪክ ለማውጋት ብቻ አይደለም። የባንክ ሥራ ከጥንቱም ይኸው እንደሆነ ለማስታወስ ነው። ባንክ የሌላ ሰው ገንዘብ ይዞ በነገ ላይ ይወራረዳል። ነገ እንደታሰበው ከሆነ ሁሉም ይስቃል። እንደታሰበው ሳይሆን ሲቀርስ? ኪሳራው የት ሄዶ ያድራል? በባለአክሲዮኑ ቤት? በተበዳሪው ቤት? በቆጣቢው ቤት? ወይስ «መንግሥት» እያልን በምንጠራው በሁላችን ቤት? ባንክን ለመቆጣጠር የሚወጣ አዋጅና መመሪያ ሁሉ፣ ቁጥሩና ርእሱ ምንም ይሁን ምን፣ ዞሮ ዞሮ የሚመልሰው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ሕግ ሥጋትን አያጠፋውም፤ ማደሪያውን ይመርጥለታል። የዛሬው ጨዋታዬ መቱና አካባቢዋን ይዤ ይህ ምርጫ እንዴት ሲደረግ እንደኖረ ማሳየት ነው።

ሕጎቹ በመሠረቱ ያን ያህል የሚያስፈሩ አይደሉም። መቱ ገበያ ውስጥ እቁብ የሚሰበስቡ እናቶች ጠንቅቀው ያውቋቸዋል። እቁብ ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ ይጠራል፤ ባንክ ይህን «መያዣ» ይለዋል። የእቁቡን ገንዘብ የሚይዘው ሰው ከራሱም የሚያጣው ነገር ሊኖረው ይገባል፤ ባንክ ይህን «ካፒታል» ይለዋል። በብሔራዊ ባንካችን ደንብ መሠረት አንድ ባንክ በሥጋት ሚዛን ከተመዘነው ሀብቱ ቢያንስ 8 በመቶ የሚሆን ካፒታል እንዲይዝ ለዓመታት ሲጠየቅ ኖሯል። እቁብ ሰብሳቢዋ የሰውን ሁሉ ገንዘብ ለአንድ ሰው አታስታቅፍም፤ ባንክም ለአንድ ተበዳሪ ከካፒታሉ ከሩብ በላይ እንዳይሰጥ ለብዙ ዓመታት ሲከለከል ኖሯል። ሦስቱም ጤናማ ሕጎች ናቸው። በእኔ በኩል ለአንዳቸውም ጠብ የለኝም። ጠቤ ከሚዛኑ ጋር ነው፤ ለማን ይመዝናል፣ ለማንስ ዓይኑን ይጨፍናል? በሚለው ላይ።

በመጀመሪያ ሕጉ አጥብቆ የመዘነበትን ልንገራችሁ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ እኛ ሰፈር፣ መቱ፣ አንድ ቡና አቅራቢ ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው፤ እዚህም ጋሼ ይሁኑ። ከአሌ፣ ከቡሬና ከሁሩሙ ጀንፈል ይሰበስባሉ፣ ያስፈለፍላሉ፣ አዲስ አበባ ለቡና ጨረታ ይልካሉ። ያን ጊዜ የምርት ገበያ ገና አልተወለደም። በየዓመቱ መስከረም ላይ ይበደራሉ፣ ግንቦት ላይ ይከፍላሉ። ለአሥር ዓመት ያህል አንድ ቀን አላሳለፉም ይባላል።

ከዚያ የዓለም የቡና ዋጋ ወደቀ። ምክንያቱ ከመቱ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። የዓለም ቡና አምራቾችና ገዢዎች በኮታ የተስማሙበት ሥርዓት በ1981 ዓ.ም. ፈርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቬትናም የምታህል አዲስ አምራች ገበያውን አጥለቀለቀችው። እ.ኤ.አ. በ1997 አማካይ ዋጋው በፓውንድ ከአንድ ዶላር በላይ የነበረው ቡና እ.ኤ.አ. በ2001 ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ጋሼ በውድ የገዙት ቡና ጨረታ ላይ ሲደርስ የትራንስፖርቱን እንኳ በቅጡ የማይመልስ ሆነ። በአገሪቱ ሁሉ ብዙ ላኪና አቅራቢ በዚያ ወቅት ወደቀ።

ሕጉ ተዘጋጅቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ፣ በሐራጅ እንዲሸጡ ፈቅዷል። አዋጁ ያለ ምክንያት አልወጣም። ከዚያ በፊት አንድ ባንክ ብድሩን ለማስመለስ በየችሎቱ ለዓመታት ይንከራተት ነበር፤ አበዳሪ ገንዘቡ እንደማይመለስ ካወቀ ደግሞ ለማንም አያበድርም። የጋሼም ቤት በዚሁ ሕግ መሠረት በጋዜጣ ወጣ። የመሬቱ ስፋት፣ የካርታ ቁጥሩ፣ የመነሻ ዋጋው፣ ሁሉም በአንድ ጠባብ ዓምድ ውስጥ ተጠጋግቶ።

ኋላ ቤቱ ከተሸጠ በኋላ አንድ ቀን አግኝቼ «ጋሼ፣ ባንኩስ ምን ያድርግ? የሰው ገንዘብ እኮ ነው» ብላቸው፣ «እሱስ እውነትህን ነው ልጄ» አሉኝ። «የሰው ገንዘብ ነው። እኔ የሚገርመኝ ሌላ ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ ቡናዬን አንድ ቀን መጥተው አይተውት አያውቁም። ቤቴን ግን ሁለት ጊዜ ለክተውታል።»

ይህን ንግግር ከሰማሁ በኋላ ብዙ የባንክ ሪፖርት አንብቤያለሁ። የጋሼን ያህል ነገሩን የገለጸልኝ ግን የለም። የመያዣ ሕግ ባንኩን ከሥጋት ጠብቆታል፤ በዚያው ልክ ግን ሥጋቱን ከማወቅ አሳርፎታል። ቤት ከያዘ የቡናን ዋጋ ምን አስጨንቆት ይከታተላል? አቅራቢውን «ዘንድሮ በዚህ ዋጋ አትግዛ፣ ገበያው አላማረኝም» ብሎ የሚመክረው ለምንድን ነው? ሥጋቱ ባንኩን ጥሎ አልጠፋም፤ መቱ ሄዶ አንድ ቤተሰብ ላይ አደረ። የቡና ዋጋ በለንደንና በኒውዮርክ ሲወሰን፣ የዋጋውን መውደቅ ሊሸከም የሚችለው ትልቁ ተቋም ጃንጥላ ዘርግቶ ቆመ፤ ዝናቡ የወረደው ጃንጥላ በሌለው ላይ ነው። ጫካ ውስጥ ቡና ያለው ገበሬማ ጭራሽ በሩንም አላንኳኳ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በዚያን ዘመን የጫካ ቡናውን አስይዞ የሚበደርበት መንገድ አልነበረውም።

ይህ እንግዲህ ሕግ አጥብቆ የመዘነበት ነው። አሁን ደግሞ ዓይኑን ወደ ጨፈነበት እንሻገር።

በ2003 ዓ.ም. መጋቢት ማለቂያ ላይ ብሔራዊ ባንክ አንድ መመሪያ አወጣ። የግል ባንኮች ካበደሩት ከእያንዳንዱ 100 ብር ጋር የ27 ብር የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ አዘዘ። ሰነዱ ለአምስት ዓመት ይታሰራል፤ ወለዱ 3 በመቶ ነው። ባንኮቹ ለቆጣቢው የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ ያኔ 5 በመቶ ነበር። በ5 ገዝቶ በ3 መሸጥ የትኛው ነጋዴ ነው የሚወደው? ግን ትእዛዝ ነው፤ ተገዛ። መመሪያው እስከ ኅዳር 2012 ዓ.ም. ዘለቀ። ትልቁ የመንግሥት ባንክ፣ ንግድ ባንክ፣ አይመለከተውም ነበር።

እስቲ ስሌቱን በቡና ዓይን እንየው። አንድ የግል ባንክ ለመቱ አቅራቢ በየመስከረሙ 100 ብር ያበድራል፤ ግንቦት ላይ ይመለስለታል፤ በመስከረም እንደገና ያበድራል። ባበደረ ቁጥር 27 ብር ይታሰርበታል። በአምስተኛው ዓመት፣ የመጀመሪያው ሰነድ ገና ሳይመለስለት፣ 135 ብር ታስሮበታል ማለት ነው፤ በአንድ ጊዜ ከ100 ብር በላይ ላላበደረው ደንበኛ! ታዲያ ይህ ባንክ ለወቅታዊ የቡና ብድር ፊቱን ቢያጠቁር ምን ይደንቃል? ቢያበድርም እንኳ የታሰረበትን ገንዘብ ኪሳራ በወለድና በአገልግሎት ክፍያ አድርጎ ከተበዳሪው ላይ መልቀሙ አይቀርም። ተበዳሪው ደግሞ ከገበሬው የጀንፈል ዋጋ ላይ ይቀንሳል። መመሪያው ሲወጣ ማንም ሰው የአሌን ገበሬ አላሰበም፤ መዳረሻው ግን እሱው ጋ ነበር።

ያ የታሰረ ገንዘብ የት ሄደ? በአብዛኛው በልማት ባንክ በኩል መንግሥት ቅድሚያ ለሰጣቸው ዘርፎች ብድር ሆነ። ጎሬ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ወደ ምዕራብ ያየ ሰው አንዱን መዳረሻ በርቀት ያየዋል፤ የጋምቤላን ሜዳ። ሰፋፊ እርሻ እናለማለን ያሉ ባለሀብቶች እዚያ መሬትና ብድር ወሰዱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመንግሥት በኩል የተደረገ ጥናት የአንዱ ባለሀብት መሬት በሌላው ላይ ተደራርቦ መሰጠቱንና ከብድሩም ለታለመለት ሥራ ያልዋለ መኖሩን ገለጠ፤ ልማት ባንክም በ2008 ዓ.ም. በዝናብ ለሚለማ እርሻ ማበደሩን አቆመ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ከጋምቤላ ይልቅ ግን ለመቱ ሰው የሚቀርበው ያዩ ነው። ከበደሌ ወደ መቱ ስትመጡ የገባን ወንዝ ተሻግራችሁ ያዩ ትደርሳላችሁ። ያዩ ሁለት ነገር አላት። አንደኛው ከላይ ነው፤ የዱር ቡና የሚበቅልበት፣ በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም የባዮስፌር ክልልነት የመዘገበው ጫካ። ሁለተኛው ከሥር ነው፤ የድንጋይ ከሰል። በዚሁ ከሰል ዩሪያ ማዳበሪያ ይመረታል ተባለና በ2004 ዓ.ም. ግድም የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ግንባታ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ለሜቴክ ተሰጠ። ወጪው ከ11 ቢሊዮን ብር ያላነሰ ነው ተባለ። ገንዘቡ ከንግድ ባንክ በብድር መጣ። ፋብሪካው ግን በተባለው ጊዜ ማዳበሪያ አላወጣም። ዓመታት ተቆጠሩ፣ ግንባታው እመንገድ ላይ ቀረ፣ በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ሜቴክ ሥራውን ተነጠቀ። ወለዱ ግን አልቆመም። ወለድ እንደ ፋብሪካ አይደለም፤ ሌሊትም ይሠራል።

አሁን ሁለቱን ተበዳሪዎች ጎን ለጎን እናቁማቸው። ሁለቱም በአንድ ጎዳና ላይ ናቸው። አንደኛው መቱ ላይ ጥቂት መቶ ሺህ ብር ፈልጎ ቤቱን አስያዘ፤ ለአሥር ዓመት ከፍሎ በአሥራ አንደኛው ሲሰናከል 30 ቀን ተሰጠው። ሁለተኛው ያዩ ላይ ቢሊዮኖች ፈለገ። ከኋላው መንግሥት ቆሟል፤ ስለዚህ «ይህ ሥራ ያዋጣል ወይ? ሠሪውስ ከዚህ በፊት ማዳበሪያ ፋብሪካ ሠርቶ ያውቃል ወይ?» ብሎ አጥብቆ የሚጠይቅ ባለባንክ አልተገኘም፤ ቢገኝም አልተሰማም። የመንግሥት ብድር አይጠፋማ! ቤቱ የተለካው አቅራቢ ባንኩን የሚያናጋ አልነበረም። ባንኩን ሊያናጋ የሚችለው ተበዳሪ ግን ቤትም ቡናም አልተለካበትም።

ይህ ያዩ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ስኳር፣ ባቡር፣ ኤሌክትሪክ፣ ሁሉም በዚሁ በር ገቡ። የአገሪቱ ተቀማጭ ከግማሽ በላይ የተከማቸበት አንድ ባንክ፣ ገንዘቡን ለጥቂት የመንግሥት ድርጅቶች አበደረ፤ ዕዳቸውም ከባንኩ ካፒታል ብዙ እጥፍ ሆነ። ለአንድ ተበዳሪ ከካፒታል ሩብ አይበልጥም የሚለው ጤናማ ሕግ እዚህ ላይ ሲደርስ እንቅልፍ ወሰደው።

ሂሳቡም መጣ። በ2013 ዓ.ም. የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ የእነዚህን ድርጅቶች ዕዳ መረከብ ጀመረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ቦንድ ለንግድ ባንክ እንዲሰጥ የተወካዮች ምክር ቤት አጸደቀ፤ አብዛኛው ያንን ዕዳ ለመተካት፣ ቀሪው የባንኩን ካፒታል ለማሳደግ። በቀላል አማርኛ፣ ድርጅቶቹ መክፈል ያቃታቸውን መንግሥት እከፍላለሁ አለ። መንግሥት ከየት ያመጣል? ከግብር፣ ወይም ከሌላ ብድር፣ ወይም ብር ከማተም። ሦስቱም መንገዶች መቱ ገበያ ላይ ይገናኛሉ። ሥጋቱ እንደገና ማደሪያ አገኘ፤ በዚህ ጊዜ በሁላችን ቤት።

አንዳንድ ሰው ይህንን ሲሰማ «የእኛ አገር ነገር!» ብሎ እጁን ያወናጭፋል። አይደለም፤ በሽታው ዓለም አቀፍ ነው። የዓለም ባንኮች የሚመሩበት እ.ኤ.አ. የ1988ቱ የባዝል ስምምነት ራሱ፣ መንግሥት ከባንክ የተበደረው ገንዘብ ሥጋቱ ዜሮ ተብሎ እንዲመዘን በር ከፍቷል፤ የእኛም የካፒታል ሚዛን የተቀረጸው በዚሁ መንፈስ ነው። የአውሮፓ ባንኮች በዚሁ ዜሮ ተማምነው የግሪክን መንግሥት ሰነድ አከማቹ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ከሰነዶቹ ዋጋ ከግማሽ በላይ ተሰረዘ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 የወደቀው የካሊፎርኒያው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ገንዘቡን ያስቀመጠው በአሜሪካ መንግሥት በተደገፉ ሰነዶች ላይ ነበር። ወለድ ሲጨምር የሰነዶቹ ዋጋ ወረደ፣ አስቀማጩ በስልኩ ገንዘቡን አወጣ፣ ባንኩ በሁለት ቀን ውስጥ አለቀለት። ሕግ አውጪ «ይህ ሥጋት የለውም» ብሎ በጻፈ ቁጥር፣ ትልልቅ ባንኮች እየተጋፉ የሚሄዱት ወደዚያው ነው። ብዙ ሰው አንድ ጀልባ ላይ ሲወጣ ደግሞ ጀልባው «አይሰጥምም» መባሉ አያድነውም።

እዚህ ላይ የሚነሳ ክርክር አለ፤ ዘልዬው ባልፍ አላምርም። «እንዲህ ካልተበደረ ይህች አገር በምን ትለማ ነበር? ግድብ፣ መንገድ፣ መብራት በማን ገንዘብ ይሠራ?» የሚል። እውነት አለው። የግል ባንክ ብቻውን ለ20 ዓመት የሚቆይ ገንዘብ አውጥቶ ግድብ አይሠራም። ሥጋት የማይወስድ አገር አያድግም፤ የጎሬው ባንክም ባሮ እስኪሞላ ባይጠብቅ ኖሮ ቡናው ካርቱም አይደርስም ነበር። የእኔ ነጥብ ለምን ተበደረ አይደለም። ሥጋት ሲወሰድ ሥጋት መሆኑ ይታወቅ ነው። የያዩ ብድር ገና ከመነሻው «ይህ ገንዘብ ላይመለስ ይችላል» ተብሎ ቢመዘን፣ ለዚያም ካፒታልና መጠባበቂያ ቢያዝለት ኖሮ፣ ወይ ባንኩ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር፣ ወይ መንግሥት በበጀቱ ውስጥ ፊት ለፊት ጽፎ ምክር ቤት ይከራከርበት ነበር። ሁለቱም ሳይሆኑ ቀሩና ነገሩ የተገለጠው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ዕዳ ሆኖ ነው። ወሳኙ ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ ሲሆን ጥንቃቄ ከወዴት ይመጣል?

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነገሮች እየተለወጡ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል፤ በሕጉ ቡናም፣ ከብትም፣ የመሬት መጠቀም መብትም ዋስ መሆን ይችላሉ። ይህ ለኢሉባቦር ትልቅ ነገር ነው። በአግባቡ ከተሠራበት ባንኩ ቤት ከመለካት ይልቅ መጋዘን ገብቶ ቡና መለካት፣ ዋጋውንም መከታተል ይኖርበታል። የአስቀማጮች መድን ፈንድም ተቋቁሟል፤ አንድ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100 ሺህ ብር ይተካል። የመቱ መምህርና የሁሩሙ ሻይ ቤት ባለቤት ቢያንስ ያቺን ያህል በሰላም ይተኛሉ። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት የባንኮችን የብድር ዕድገት በዓመት በ14 በመቶ ገደበ፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 18 ከፍ አደረገው። የገደቡ ዓላማ ገብቶኛል፤ ነገር ግን ቁራሽ ስታንስ ማን እንደሚቀድም እናውቃለን። ባንክ ያለችውን ጥቂት ብድር የሚሰጠው ለለመደው፣ ለትልቁ፣ ዶላር ለሚያመጣለት ላኪ ነው። የመቱ አቅራቢ ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው፤ ገበሬው ከወረፋው ውጪ።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ በር ከፍቷል። ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ለሄደ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። የጎሬው ባንክም የእንግሊዞች እጅ ካለበት ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር የታሰረ ነበር። የመጣው ለጽድቅ አልነበረም፤ ለቡናው ነው። ግን ቡናውን፣ ነጋዴውንና ወንዙን ሳያውቅ አያበድርም ነበር፤ ቢሳሳት ከኋላው ቆሞ ዕዳውን በቦንድ የሚተካለት መንግሥት አልነበረማ።

ከሚመጡት ባንኮችም ሆነ ካሉን፣ ከግሎቹም ሆነ ከትልቁ የመንግሥት ባንክ፣ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ለጋሼ የተዘረጋው ሜትር ለያዩም ይዘርጋ። የመንግሥት ድርጅት ሲበደር እንደ ማንኛውም ተበዳሪ ይመዘን፤ ዋስ የሆነው መንግሥት ከሆነም ዋስትናው ስንት እንደደረሰ በየዓመቱ በአደባባይ ይነገር። ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ ትልቁን ባንክ ሲመረምር ትንሹን ሲመረምር የሚያሳየውን ድፍረት ያሳይ። መመሪያ ሊወጣ ሲል ደግሞ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ጠረጴዛው ላይ እጁን አንስቶ «ይህ ሥጋት ከባንኩ ሲወጣ ማን ቤት ነው የሚሄደው?» ብሎ ይጠይቅ።

አባቶቻችን «ብድር በምድር» ሲሉ፣ በጎም ሆነ ክፉ የሠራ ሰው ዋጋውን እዚሁ፣ በሕይወት ሳለ ያገኛል ማለታቸው ነው። የመቱ ቡና አቅራቢዎች ተረቱን በሁለቱም ትርጉሙ ያውቁታል፤ የተበደሩትን በምድር ከፍለዋል፣ አንዳንዶቹም በቤታቸው። አስቸጋሪው በወረቀት ላይ እየተሸጋገረ፣ ስም እየለወጠ፣ ከባንክ ወደ ኮርፖሬሽን፣ ከኮርፖሬሽን ወደ ቦንድ እየተገለበጠ የሚሄደው ብድር ነው። የዚያ ብድር ፊርማ የእኛ አይደለም፤ የመክፈያው ቀን ሲደርስ ግን በየደጃችን የሚመጣው እሱ ነው፤ አንዳንዴ በግብር፣ አንዳንዴ በስኳርና በዘይት ዋጋ ተመስሎ።